ባለቤቱ የሚቀመጥበት ወንበር

መካኒሳ ውስጥ ስለ ነፃ ገበያ ያልተባለ ነገር የለም። ሬዲዮው ለፍልፎታል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ እያላበው አብራርቶታል፤ ካርቶን ፋብሪካው ከመንግሥት ወደ ግል በዞረ ሰሞን ደግሞ ከመሀል ከተማ የመጡ ባለ ከረባቶች በሰሌዳ ላይ ቀስት እየሳሉ አስተምረውታል። ሰሀር ግን ስለ ነፃ ገበያ የምታውቀውን ሁሉ በአንድ የተበላሸ ካርቶን ላይ ስላ ጨረሰችው። ከባለ ከረባቶቹ ይልቅ የሷ ነው ለሰው የገባው።

ሰሀር የፋብሪካው ማተሚያ ክፍል ሠራተኛ ናት። በካርቶን ላይ የብስኩትና የሳሙና ስም ታትማለች። ቀለሙ የዘለለ፣ ጠርዙ የተጎመደ ካርቶን ሲገኝ ሪጀክት ይባልና ጥግ ላይ ይወረወራል። ሠራተኛው ይህን ሪጀክት ለኮርኒስ፣ ለዶሮ ቤት፣ ለፍራሽ ሥር፣ ለምኑም ለምኑም ይወስደዋል። ሰሀር የምትወስደው ለጨዋታ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አመሏ ይኸው ነው፤ የሰፈሩ ልጆች በቆርኪና በጠጠር ሲጫወቱ ሕግ የምታወጣው እሷ ነበረች፤ ሲጣሉም የምትዳኘው እሷ። ልጆቹ አድገው ታክሲ ረዳትና ነጋዴ ሆኑ። ሰሀርም አደገች፣ ሥራ ያዘች፣ ጨዋታ መሥራቱ ግን አልለቀቃትም።

ፋብሪካውን የገዛው አምሐ የሚባል ባለሀብት ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ገና ጎልማሳ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። በፋብሪካው ግቢ ውስጥ አንቱ ይባላል፣ ሲያልፍ ከመቀመጫ ይነሱለታል፤ በዚህ ታሪክ ግን አንተ ይበቃዋል። የመጣ ዕለት ሠራተኛውን ሁሉ ሜዳ ላይ ሰብስቦ «ከእንግዲህ አንድ ቤተሰብ ነን» አለ። ክረምቱ ሳይወጣ የቤተሰቡ እኩሌታ «ትርፍ ሠራተኛ» የሚል ስም ተሰጥቶት ከበር ውጭ ቆሞ ነበር። አባይነህ የሚባል፣ ሰሀርን ቀለም መቀላቀል ያስተማራት ሰው ከነዚያ አንዱ ነው። ሲወጣ የሥራ ቱታውን አጣጥፎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

ሰሀር ደሟ ፈላ። ግን በስብሰባ ላይ እጅ የሚያስወጣ ድፍረት አልነበራትም፤ ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ይህን ደግሞ ራሷ አምርራ ትጠላዋለች። ስለዚህ የምታውቀውን አደረገች። ጨዋታ ሠራች።

ስሙን «ፈረቃ» አለችው። ሰሌዳው ላይ አንድ ፋብሪካ ተስሏል፤ ከታች በር፣ ከላይ «ካቦ» የሚል ሳጥን፣ በመሀል ጠመዝማዛ መንገድ። ተጫዋቹ ሁሉ አንዳንድ ቆርኪ አለው፤ እሱ ሠራተኛ ነው። በየተራው ከክምሩ ካርታ ይስባል፣ ካርታው ያለውን ያህል ይራመዳል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል። ካርታዎቹን ከመቁረጫ ማሽኑ ሠራተኛ ከኢያቄም ጋር ሆና ነው ያዘጋጀቻቸው፤ እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። «የማሽኑ ቀበቶ ተበጠሰ። ጥፋቱ ያንተ ነው። ወደ ኋላ።» «ልጅህ ታሟል፤ አለቃህ ግን ደህና ነው። ወደ ኋላ።» «ስለ ባልደረባህ ወሬ አቀበልክ። ጎበዝ፣ ወደ ፊት።» ዙሩ ሲያልቅ ከሁሉም ኋላ የቀረው ትርፍ ሠራተኛ ይባልና በበሩ ይወጣል። እንዲህ እያለ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር እሱ ካቦ ይሆናል፤ የሚያዝዘው ሰው ግን አንድም የለም። ሰሀር እዚህ ላይ ስትደርስ በራሷ ብልሃት አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። የተጫወተው ሰው ሁሉ ግፉን በገዛ ዓይኑ ያየዋል ብላ አሰበች።

መጀመሪያ የተጫወቱት በሠራተኞች ክበብ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ኢያቄም አለ፣ ከማተሚያ ክፍል ምትኩና ናዝሬት አሉ፣ ከማጣፊያ ክፍል ደግሞ እትዬ ተሾመች። እትዬ ተሾመች በንጉሡ ጊዜ የተቀጠሩ፣ የፋብሪካው እናት የሚባሉ ሴት ናቸው። ካርቶን ሲያጣጥፉ እጃቸው አይታይም። ጨዋታው ተጀመረ፣ ዙሩ ዞረ፣ እና ከሁሉ ኋላ የቀረው የእትዬ ተሾመች ቆርኪ ሆነ።

«እትዬ፣ እንግዲህ በሕጉ መሠረት ይወጣሉ» አለች ሰሀር።

«ማን ነው የሚወጣው?» አለ ኢያቄም። «እሳቸው ተቀምጠው ይቆዩ፤ እኔ ልውጣ።»

«አንተማ ቤትህ አራስ አለች» አለ ምትኩ። «በሞቴ፣ እኔ ልውጣ።»

«በሞቴ አትበል፤ እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ሌላ ሥራ አገኛለሁ» አለች ናዝሬት፣ እና የራሷን ቆርኪ አንስታ በር ላይ አስቀመጠች። ምትኩ የናዝሬትን ቆርኪ መልሶ የራሱን አስቀመጠ። ኢያቄም የምትኩን እጅ ያዘ። ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ እኔ ልክፈል ብለው እንደሚታገሉ ሰዎች ሆኑ፤ ቆርኪው በጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፣ ካርታው ተበተነ፣ እትዬ ተሾመች ደግሞ በመሀል «ኧረ ተዉ ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ» እያሉ ይለምናሉ። ምሳ ሰዓቱ አለቀ፣ ማንም አልወጣም።

ሰሀር ተናደደች። ያን ሁሉ ማታ የደከመችበት ጨዋታ አንድ ዙር እንኳ ሳይሄድ በይሉኝታ ታንቆ ሞተ። «ጨዋታ እኮ ነው» አለች ካርታዋን እየለቀመች። «እውነት አይደለም። ሰው ካልወጣ አያልቅም። ግፉን እንድታዩ ነው የሠራሁት፣ እናንተ ደግሞ ትጋበዛላችሁ።»

እትዬ ተሾመች ወደ ሥራ ለመነሳት ሻሻቸውን እያሰሩ አዩዋት። «ጨዋታሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ። አንድ ሰው ብቻ ጎደለው።»

«ማን?»

«አባይነህን ማነው ያስወጣው? እኔ ነኝ? ኢያቄም ነው? እኛን እርስ በርስ አጋጨሽን፣ ሰውየውን ግን ከጨዋታው አስቀረሽው። ባለቤቱ የት ነው የሚቀመጠው?»

ሰሀር ክው አለች። ከሰዓት በኋላ ያተመችው የሳሙና ካርቶን ግማሹ ሪጀክት ሆነ፤ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። ቤቷ ስትገባ ሰሌዳውን ገልብጣ እንደገና ሣለችው። አሁን በፋብሪካው አናት ላይ ትልቅ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ተጫዋች ቆርኪ የለውም፣ ካርታም አይስብም። ሌሎቹ በተራመዱ ቁጥር ለሱ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ይገባለታል። ተራው ሲደርስ ሕግ ያወጣል፤ የፈለገውን ሕግ። ማን እንደሚወጣ የሚወስነውም እሱ ነው። ጣሳው ሲሞላ አሸነፈ ማለት ነው።

ያኔ ነው ጉድ የፈላው። «ፈረቃ» ከክበቡ ወጥቶ መካኒሳ አቦ አጠገብ ያለው ፀጉር ቤት ገባ፤ ከዚያ የጠረጴዛ ኳስ ማጫወቻዎቹ ጆተኒ ቤቶች፣ ከዚያ እስከ ላፍቶ ድረስ። ሰው ሰሌዳውን እያየ በገዛ ካርቶኑ ይገለብጠዋል። ሁሉም ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይፈልጋል። የሚገርመው ግን ወንበሩ ነው፤ የተቀመጠበትን ሰው ይለውጠዋል። ፀጉር አስተካካዩ ዝንብ የማይገድል፣ ድምፁ እንኳ የማይሰማ ሰው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ሲወጣ «እጁን ሳያወጣ የተናገረ ወደ ኋላ ይመለስ» የሚል ሕግ አወጣ። የሰሀር እናት ሐሚዳ የሸቀጥ ሱቋ ደጅ ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር ተጫውታ ሁሉንም አከታትላ አስወጣቻቸው። ጎረቤቶቿ ጨዋታ መሆኑን ያውቃሉ፤ ግን ሱቋ ሳይመጡ ሰነበቱ።

አምሐ የሰማው ከሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሲጫወት ውሎ፣ ማሸነፉን በመኪና ውስጥ ሲያወራ ማን እየሰማው እንደሆነ ዘነጋ። በማግሥቱ ሰሀር ቢሮ ተጠራች። ጠረጴዛው ላይ የራሷ ሰሌዳ ተዘርግቶ አየች። አበቃልኝ፣ ተባረርኩ አለች በልቧ።

«ግሩም ነው» አለ አምሐ። «ከልቤ ነው የምልሽ። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች።

«ይህን እኛው ማሽን ላይ እናትመዋለን። በወፍራም ካርቶን፣ በሙሉ ቀለም፣ ስምሽ ከላይ። ትምህርት ቤት፣ መጽሐፍ መደብር፣ የትም ይሸጣል። አንቺም የዲዛይን ኃላፊ ትሆኛለሽ፤ ቋሚ።» ጣቱን ሰሌዳው አናት ላይ አደረገ። «ይቺ ወንበር ብቻ ትውጣ። ሰው ተስፋ ነው የሚገዛው። ተግቶ የሠራ መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ ባለቤት ይሁን። ስሙንም እንለውጠው፤ ‹የስኬት ጎዳና› ብንለው ምን ይመስልሻል?»

«የቀሩትስ?» አለች ሰሀር፣ የቀሩት ማለቷ የሥራ ባልደረቦቿን ነው።

«ሰኞ የሚወጣውን ማስታወቂያ ሰምተሻል መሰለኝ። ማተሚያና ማጣፊያ ክፍል የሦስት ወር ኮንትራት ይፈርማሉ። ቋሚነት ቀርቷል፤ ዓለም የደረሰበት አሠራር ነው። ያልፈረመ በፈቃዱ ለቀቀ ማለት ነው።» ፈገግ አለ። «አንቺን አይመለከትም።»

ሰሀር እሺ ማለትም እምቢ ማለትም አቃታት። ጀግና ነበረች ብሎ ማውራት ውሸት ነው፤ የቢሮው ምንጣፍ ለስላሳ ነበር፣ የስሟን ፊደል በሙሉ ቀለም ታትሞ በሐሳቧ አየችው፣ ደስም አላት። ከአፏ የወጣው ሌላ ነገር ነው፦ «አንድ ጊዜ ከኛ ጋር ይጫወቱት። ወንበሩ ላይ ይቀመጡና። ከዚያ እነግርዎታለሁ።»

«ሰኞ በምሳ ሰዓት» አለ አምሐ። ጨዋታ ይወድ ነበር።

ማታ እናቷ ሱቋን ስትዘጋ ሰሀር ሁሉንም ነገረቻት። ሐሚዳ የኬሻ መጋረጃውን እያወረደች ሰማቻት።

«አላህ በሩን ሲከፍትልሽ ደጃፉ ላይ ቆመሽ ታሰላስያለሽ?» አለች በመጨረሻ። «ወንበሩን አውጪው። ካርቶን ነው።»

«እማዬ፣ አንቺ ወንበሩ ላይ የተቀመጥሽ ቀን ምን ተሰማሽ?»

ሐሚዳ የሳሙናውን መደርደሪያ ማስተካከል ጀመረች፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም። «ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ጣፈጠኝ» አለች ሐሚዳ። «ወላሂ ጣፈጠኝ። ለዓመታት ጨው ስንዋዋስ የኖርኩትን ጎረቤቴን ውጪ ስላት ደስ አለኝ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፣ እሱም ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «በጠጠር እንዲህ የሆንኩ በእውነተኛው ብሆን ምን ልሆን ኖሯል? ያ ነው ያስፈራኝ።»

ሰሀር ወንበሩ ለምን መውጣት እንደሌለበት ያን ጊዜ ገባት። ወንበሩ የተሳለው አምሐ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ወንበሩ ካልታየ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ከጎረቤቱ ወይም ከራሱ ይፈልጋል፤ አባይነህም ቱታውን አጣጥፎ ሲሄድ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ሁሉ ነበር የሄደው።

ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ሰኞ ሌላ። እሑድ ዕለት ኢያቄምን መንገድ ላይ አገኘችውና አብረው ወደ ታክሲው ተራ ወረዱ። ኢያቄም ላፍቶ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ከወለደች ገና ክርስትና አልደረሰም።

«እኔ እፈርማለሁ» አላት ሳትጠይቀው። «ከሌላ ሰው ሳትሰሚ ከኔ ስሚው ብዬ ነው። የሦስት ወርም ቢሆን ሥራ ነው።»

«ሁላችንም ካልፈረምን እኮ ምንም ማድረግ አይችልም። ማሽኑን ማን ያንቀሳቅስለታል?»

«ሁላችንም የሚባል ሰው አይቼ አላውቅም፣ ሰሀር። የማውቀው ምትኩን ነው፣ ናዝሬትን ነው፣ አንቺን ነው። አንቺ ደግሞ ኃላፊ ልትሆኚ ነው ይባላል።»

ይህን ሲላት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከንዴት ይሁን ከእፍረት ለራሷም አልለየላትም። «ማን ነገረህ?»

«ሹፌሩ።» ታክሲው መጣ፣ ኢያቄም ገባ። ደህና ዋይ እንኳ አላላትም።

ሰኞ ክበቡ ጢም ብሎ ሞላ። ተጫዋቾቹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ የማተሚያና የማጣፊያ ክፍል ሰው ሁሉ ምሳ ዕቃውን እንደያዘ ዙሪያውን ቆመ። የኮንትራቱ ወረቀት አስተዳደር ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ከምሳ መልስ ይጠብቃቸዋል። አምሐ ኮቱን አውልቆ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። «በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ የምትሰድቡኝ ፊት ለፊት ነው» አለ፤ አንዳንዱ ሳቀ። ሰው ማሳቅ ያውቅበታል።

መጀመሪያ ያወጣው ሕግ መልካም ነበር። «ወደ ኋላ የሚመልስ ካርታ ሁሉ በአንድ እርምጃ ይቀነስ» አለ። ተጫዋቾቹ ተራመዱ፣ ጠጠር ጣሳው ውስጥ ኳ ኳ አለ። ዙሩ ሲያልቅ ማንንም አላስወጣም። «እኔ ሰው ማባረር አልወድም» አለ፣ ዙሪያውን እያየ፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። በሁለተኛው ዙር ጣሳው እንደጠበቀው አልሞላም። ትንሽ አሰበና «እያንዳንዱ እርምጃ በእጥፍ ጠጠር ያስገባ» አለ። በሦስተኛው ዙር ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አለ። ፊቱ ላይ ሰሀር በሐሚዳም በፀጉር አስተካካዩም ላይ ያየችው ነገር መጣ፤ ዓይኑ ከሰዎቹ ላይ ተነስቶ ጣሳው ላይ አረፈ።

«እትዬ ተሾመች» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጨዋታ ነው። ወደ ኋላ እየጎተቱን ነው።» ቆርኪያቸውን አነሳና በሩ ላይ ገለበጠው።

ኢያቄም እጁን ዘረጋ፣ በሞቴ ሊል ነበር መሰለኝ፤ ግን በዚህ ጨዋታ ሌላ ሰው ተክቶ መውጣት የሚባል ነገር የለም። እትዬ ተሾመች ቆርኪያቸውን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ከመቀመጫቸው ግን አልተነሱም። አምሐ አያቸው። «መቀመጥ አልተከለከለም አይደል?» አሉት።

«አልተከለከለም፣ ይቀመጡ» አለና ሳቀ። «ሰሀር፣ ተራሽ ነው።»

ሰሀር እጇን ወደ ክምሩ ዘረጋች። ያሰበችበት ነገር አልነበረም፤ እጇ ካርታው አጠገብ ሲደርስ ቆመ፣ እሷም እንዲቆም ፈቀደችለት። ድምፅዋ ሊንቀጠቀጥ እንደሆነ ታወቃትና ይንቀጥቀጥ አለች።

«አልስብም።»

«ምን?»

«ካርታ አልስብም።»

«ተራሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

አምሐ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሕግ ፈለገ። «ሕጉ...»

«ሕጉ የሚናገረው ስንስብ ስለሚሆነው ነው» አለች ሰሀር። «ሳቡ ብዬ አልጻፍኩም። ስጽፈው ሰው አለመሳብ የሚችል አልመሰለኝም ነበር።»

አምሐ ዓይኑ በራ። ተንኮል ያለበት ጨዋታ ይወዳል። «እንግዲያው እኔ እጽፈዋለሁ፤ ያልሳበ ይወጣል።»

ሰሀር ቆርኪዋን በሩ ላይ ገለበጠች። ምትኩ ሰሀርን አየ፣ ከዚያ ክምሩን አየ፣ ቆርኪውን ገለበጠ። ናዝሬትም ገለበጠች። ኢያቄም ቆርኪውን በጣቶቹ መሀል ሲያሽከረክር ቆየና ማንንም ሳያይ ገለበጠው። ማንም ከጠረጴዛው አልተነሳም። ሰሌዳው ላይ የቀረው ወንበሩ ብቻ ነው።

«አሸነፍኩ» አለ አምሐ።

«ጣሳው አልሞላም» አለች ሰሀር። «ተራው የእርስዎ ነው።»

አምሐ ጣሳውን አየ፣ ክምሩን አየ። እሱ ካርታ አይስብም። «ሕግ አወጣለሁ» አለ።

«በማን ላይ?» አሉ እትዬ ተሾመች። ጥያቄያቸው የምር ነበር፤ መልሱን ለመስማት ጎንበስ ብለው ጠበቁ።

ከኋላ ከቆሙት መሀል አንድ ሰው ሳቀ። የአምሐ ፊት ጠቆረ። ተነስቶ ኮቱን ለበሰ፣ አዝራሩን አንድ በአንድ ቆለፈ። «ጥሩ ጨዋታ ነበር። አሁን የምሳ ሰዓት አልቋል። ወረቀቱ አስተዳደር ክፍል ነው፤ እየፈረማችሁ ወደ ሥራ ግቡ።»

ፊሽካው ተነፋ። በሌላ ቀን ፊሽካው ሳያልቅ ክበቡ ባዶ ይሆናል። ዛሬ ማንም አልተንቀሳቀሰም። የቆሙት ቆመዋል፣ የተቀመጡት ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ግን ሌላው ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ ጠርዝ ይመለከታል። ሰሀር ፈራች። በካርቶን ላይ መውጣት ቀላል ነው፤ እዚህ አንድ ሰው ብቻ ከሄደ ሁሉም ይከተለዋል፣ አባይነህ የሄደ ቀን እንደሆነው ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይበተናል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ አምሐም ያውቃል። ለዚህ ነው የማይቸኩለው።

ኢያቄም ተነሳ።

ሊፈርም ነው አለች ሰሀር በልቧ። አልፈረደችበትም፤ አስቀድሞ ነግሯት ነበር። ኢያቄም በሰዎቹ መሀል መንገድ ከፍቶ ወደ በሩ ሄደ፣ አምሐም ገለል ብሎ አሳለፈው፣ በትከሻውም መታ መታ አደረገው። ኢያቄም በሩን አላለፈም። በሩ አጠገብ ካለው በርሜል በጣሳ ውሃ ቀዳ፣ በመጣበት ተመልሶ ውሃውን ለእትዬ ተሾመች በሁለት እጁ ሰጣቸው፣ ከዚያ ቦታው ተቀመጠ።

እትዬ ተሾመች ጠጡ። «ተባረክ» አሉት።

«ይህ ጨዋታ አይደለም» አለ አምሐ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እናውቃለን» አለች ሰሀር። ቆማ ነበር፤ መቼ እንደተነሳች አላወቀችውም። ድምፅዋ እንደፈራችው ይንቀጠቀጣል፣ ግን እስከ ኋላ ድረስ ይሰማል። «ያሉኝን አስቤበታለሁ፣ አቶ አምሐ። ወንበሩ አይወጣም። ሰሌዳዬንም አልሸጥም። ኮንትራቱን ደግሞ እኔንም የሚመለከት አድርገው ይጻፉት፤ እኔም ከነሱ ጋር አልፈርምም።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። ናዝሬት ከጠረጴዛው ሥር እጇን ፈልጋ ያዘችው። ከኋላ የቆሙት አግዳሚ እየሳቡ መቀመጥ ጀመሩ፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም።

አምሐ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከማተሚያ ክፍል የማሽን ድምፅ አልመጣም።